የዘበኛው ደብተርና የፋየርዎሉ ደንብ

አንድ የኔትወርክ ባለሙያ ነበር። ስሙ ቢተው ይባላል። የሚሠራው ከዋና ከተማው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ መንገዱም መንገድ ከተባለ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ገደሉ ይናዳል፣ አምቡላንሱ ጭቃ ውስጥ ይቀረቀራል፣ በሽተኛው በየጉድጓዱ ይንገላታል። ስለዚህ ሆስፒታሉ አንድ ብልሃት ዘየደ። የሲቲ ስካን ማሽን አለው፤ ምስሉን አንብቦ "በሽታው ይህ ነው" የሚል ስፔሻሊስት ግን የለውም። ስፔሻሊስቷ ያለችው ዋና ከተማ ነው። ምስሉ በኢንተርኔት ይሄድላታል፣ እሷ አይታ በስልክ ትናገራለች፣ እዚህ ያሉት ሐኪሞች ያክማሉ። በሽተኛ ከሚሄድ ምስል ይሂድ ነው ነገሩ።

የቢተው ሥራ ይህችን መተላለፊያ መጠበቅ ነው። በሆስፒታሉና በውጭው ዓለም መካከል ፋየርዎል የሚባል መሣሪያ አለ። የማታውቁት ካላችሁ የበር ዘበኛ በሉት። የሚገባውንም የሚወጣውንም ያስቆማል፤ የተጻፈለትን የደንብ ዝርዝር ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ያነባል፤ ስለዚያ ነገር "ይለፍ" ወይም "ይመለስ" የሚል እስኪያገኝ ድረስ ቁልቁል ይወርዳል። ደንቡን የሚጽፍለት ቢተው ነው።

ቢተው ደግሞ ፈሪ ነበር። ፈሪ ስል ልሰድበው አይደለም፤ ምክንያት ነበረው። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ቫይረስ ገብቶ የበሽተኛውን ካርድ ሁሉ ቆለፈበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሐኪሙ በወረቀት ሠራ። በስብሰባ ላይ ጥፋቱ የሱ ነው ተብሎ ስሙ ተጠራ፤ ሰው ፊት ቆሞ ላቡ ጠብ ጠብ አለ፤ ከኋላ ወንበር የሰማት አንዲት ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮው ውስጥ አለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ከዚያ ወዲያ የሆነ አገር የሆነ ኮምፒውተር ተጠቃ የሚል ወሬ በሰማ ቁጥር እየሮጠ ሄዶ አንድ ደንብ ይጽፋል። የሚጽፈውም ከሁሉ በላይ ነው፤ አዲሱ ጠላት አስቀድሞ ይያዝ ብሎ። የጻፈውን ግን አንድም ቀን ሰርዞ አያውቅም። "ብሰርዘውና በዚያው በኩል ቢገባስ?" ይላል። ደንቡ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ደረሰ። ይህን ቁጥር ሲናገር ደረቱ ይነፋ ነበር።

ምን ያደርጋል፣ መተላለፊያው ቀስ በቀስ ከበደ። ድሮ በአምስት ደቂቃ የሚሄደው የጭንቅላት ምስል ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ አንድ ሰዓት። በዚህ ክረምትማ ጭራሹን ሁለት ሰዓት ተጎትቶ መሃል ላይ ይቋረጥና እንደገና ከሀ ይጀምራል። ቢተው መቀመጥ አቃተው። ኬብል ቀየረ። የቀየረውን መልሶ ቀየረ። ያለውን ዕቃ ሁሉ ነቅሎ ሰካ። መስመሩን ወደሚሰጡት ሰዎች በቀን ሦስት ጊዜ እየደወለ "መስመራችሁን አስተካክሉ እንጂ፣ ኧረ የሰው ሕይወት ነው!" ብሎ ይጮኻል። እነሱም "በኛ በኩል ደህና ነው፣ ወንድም" ይሉታል። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘጋባቸዋል።

የሲቲ ስካን ማሽኑን የምታሠራው ትርንጎ አንድ ቀን የክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ "ቢተው፣ ፋየርዎልህ ቢሆንስ?" አለችው።

"ምኑ?"

"ምስሉን የሚይዘው። ለአምስት ደቂቃ ላፕቶፕህን በቀጥታ መስመሩ ላይ ሰክተህ ብታየውስ? እዚያ ፈጣን ከሆነ ችግሩ ከኛ ነው ማለት ነው።"

ቢተው ከወንበሩ ተነሣ። "ያለ ፋየርዎል? ለጅብ በር ክፈትለት በይኛ! ያኔ ስሜ ሲጠራ አንቺ አልነበርሽም፣ ትርንጎ።"

"ሞክረው አልኩህ እንጂ አፍርሰው አላልኩህም።"

"አልሞክርም። መስመሩ ነው።"

ትርንጎ ትከሻዋን ሰብቃ ሄደች። ሰው የሚፈትሸው የሚጠረጥረውን ነው። ቢተው ዓለምን በሙሉ ጠርጥሯል፤ የራሱን የእጅ ሥራ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠረም።

ነሐሴ ሲያልቅ የሆስፒታሉ ኃላፊና ቀዶ ሐኪም ዶክተር ሐብቴ አስጠሩት። "ስፔሻሊስቷ ደብዳቤ ጽፋለች" አሉት። "አዲሱ ዓመት ከመግባቱ በፊት ካልተስተካከለ ትተወናለች። ምስል ሲጎተት ቁጭ ብላ መጠበቅ ሰልችቷታል፤ አልፈርድባትም። ከዚያ ወዲያ ጭንቅላቱ የተመታ ሁሉ በዚያ መንገድ ሊጓዝ ነው። ስንቱ በሕይወት ይደርሳል፣ ቢተው?"

"መስመሩ ነው ዶክተር።"

"ይህን እኮ ስንት ጊዜ ነገርከኝ።"

ቢተው ከቢሮው ሲወጣ እግሩ ወዴት እንደሚወስደው አያውቅም ነበር።

በዚያ ሆስፒታል በር ላይ ጋሽ ይመኑ የሚባሉ አረጋዊ ዘበኛ ነበሩ። ቢተው እኚህን ሽማግሌ አይወዳቸውም። ነገሩ የቆየ ነው። ቫይረሱ በገባ ዓመት ጋሽ ይመኑ እሱን ብቻ እያስቆሙ፣ ጠዋትም ማታም፣ ቦርሳውን እስከ ታች ይበረብሩት ነበር። ከዚያ አንድ አዲስ ዓመት ላይ በድንገት ተዉት። "እንዴት አደርክ ልጄ" ብለው ያሳልፉት ጀመር። ቢተው ይህን በሆዱ ይዞባቸዋል። 'ፍተሻ የሰለቸው ዘበኛ ምኑን ዘበኛ ሆነ? ሰነፍ!' ይላል ባለፈ ባገደመ ቁጥር።

ጳጉሜ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ውስጡ አልቀመጥ ብሎት ግቢውን ሲዞር፣ ሽማግሌውን በዘበኛ ቤታቸው ውስጥ አያቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር ላይ በስክሪፕቶ መስመር ያሰምራሉ።

"ምን እየሠሩ ነው፣ ጋሽ ይመኑ?"

"የጳጉሜ ሥራዬን ነዋ! ሰው በጳጉሜ ገላውን ይታጠባል፣ ቤቱን ያጸዳል። እኔ ደግሞ ደብተሬን አጥባለሁ።"

ደብተሩ አስተዳዳሪ በተቀያየረ ቁጥር "እገሌ እንዳይገባ፣ እገሊት ትፈተሽ" የሚባለው ሁሉ የሚጻፍበት ነው። ጋሽ ይመኑ ዓመቱን ሙሉ ይጽፋሉ። ጳጉሜ ሲገባ ቁጭ ብለው ስም በስም እየጠሩ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ማን ጻፈህ? ስለ ምን ጻፈህ? ዛሬስ? ያልገባቸው ካለ አስተዳደር ቢሮ ድረስ ሄደው ያጣራሉ። መልስ ያለው ይቆያል፤ መልስ የሌለው ይሰረዛል።

"ይኸውልህ" አሉ አንድ ስም ላይ ጣታቸውን አሳርፈው። "ይህ ሰውዬ ሰክሮ ነርስ ተሳድቦ ነው የተከለከለው። ዘንድሮ ሞተ፤ ቀብሩ ላይ ነበርኩ። እና የሞተ ሰው ይገባብኛል ብዬ በር ላይ ዓይኔን ላፍጥጥ?"

ቢተው ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። "ቢቀመጥስ ምን ይጎዳዎታል? ደብተሩን አይከብደው።"

"ደብተሩንማ ምን ገዶት። እኔን ነው የሚከብደኝ። ሰው በሽተኛ ተሸክሞ በር ላይ ሲደርስ፣ እኔ ይህን ሁሉ ሙትና የሄደ ስም ሳገላብጥ በሽተኛው ይሙትብኝ?"

"እኔ አንድም አልሰርዝም" አለ ቢተው። "ለዚህ ነው ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም የገባብኝ የሌለው።"

ሽማግሌው ከመነጽራቸው በላይ አሻቅበው አዩት። "የገባስ የለም፣ ደግ አደረግህ። የወጣስ አለ?"

ቢተው 'እሳቸው ስለ ኔትወርክ ምን ያውቃሉ' እያለ መንገዱን ቀጠለ፤ ነገሩ ግን እንደ ገባ እሾህ ሲቆረቁረው ዋለ።

ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው። የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነው ይባላልና፣ ሰማዩ ሲከፈት አስታማሚውም ነርሱም ግቢው መሃል ወጥቶ በዝናቡ ይመታ ጀመር። የጋሽ ይመኑ ዓይን ግን አሸንዳው ላይ ነበር። ቅጠል ደፍኖታል፤ ውሃው በሕፃናት ክፍል በር ላይ ይወርዳል። መሰላል አቁመው ወጡ። "ኧረ ይውረዱ ጋሽ ይመኑ፣ በዚህ ዕድሜዎ!" ቢሏቸው፣ "ዛሬ ሩፋኤል ይይዘኛል" አሉ። መሰላሉ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተንሸራተተ። ጭንቅላታቸው የደረጃውን ጠርዝ መታው።

መጀመሪያ "ደህና ነኝ፣ አትደንግጡ" ብለው ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ምላሳቸው ተሳሰረ። ትርንጎ ማሽኑ ውስጥ አስገብታ ምስሉን አነሣች። ዶክተር ሐብቴ አይተውት ፊታቸው ጠቆረ።

"ሁለት ቦታ ጥላ አለ" አሉ። "አንዱ አሁን የሚፈስ ደም ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን መለየት አልቻልኩም። በተሳሳተው በኩል ብከፍት ገደልኳቸው ማለት ነው። እሷ ትየውና ትንገረኝ። ላኩላት!"

ትርንጎ ላከችው። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ከመቶ ሁለት አለ። ቆየ። ሦስት አለ።

"ስንት ይፈጃል?" አሉ ዶክተሩ።

"ሁለት ሰዓት" አለ ቢተው።

"ሁለት ሰዓት የላቸውም። አንድ ሰዓት ካላቸው ብዙ ነው። መንገዱ ትናንት ተንዷል፤ ይዘናቸው መሄድም አንችልም።" ይህን ብለው ሽማግሌው ወደተኙበት ሮጡ።

ቢተው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ስልኩን አነሣ፤ የመስመሩ ሰዎች ላይ ሊጮኽ። ትርንጎ ከእጁ ነጠቀችው።

"ቢተው! ሰውዬው እየሞቱ ነው! አምስት ደቂቃ ስጠኝ ነው እኮ ያልኩህ!"

ያን ጊዜ ነው 'የወጣስ አለ?' የሚለው የሽማግሌው ድምፅ የመጣበት። ወደ ክፍሉ ሮጠ። ኬብሉን ነቀለ፤ የራሱን ላፕቶፕ በቀጥታ መስመሩ ላይ ሰካ። አንድ ገጽ ክፈት አለው። ጣቱን ሳያነሣ ተከፈተ። ሌላ ክፈት አለው። ተከፈተ። ፍጥነቱን ለካው። መስመሩ ደህና ነበር። መስመሩ ከመጀመሪያውም ደህና ነበር።

አጥብቆ ጠያቂ የናቱን ሞት ይረዳል ይላል ያገራችን ሰው። ቢተው ይህን ሁሉ ጊዜ አጥብቆ ያልጠየቀው ለካ ይህችን መርዶ ፈርቶ ነው። ጆሮው ድረስ ጋለ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"በል በዚሁ በቀጥታ እንላከው!" አለች ትርንጎ።

"አይሆንም" አለ። "ማሽንሽን ያለ አጥር ካወጣሁት የስንቱ በሽተኛ ገመና ሜዳ ላይ ነው። በሩ ይቆማል። ዘበኛውን ነው ማነጋገር ያለብኝ።"

ኬብሉን መልሶ ሰካና የደንቡን ዝርዝር ከፈተ። በየደንቡ ጎን ያ ደንብ ስንት ጊዜ ሥራ ላይ እንደዋለ የሚቆጥር ቁጥር አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ ዓይኑ ሥር ነበረ፤ አይቶት አያውቅም። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ከአራት ዓመት በፊት በጨረታ ለተሸጠ ኮምፒውተር የተጻፈ ደንብ፤ ዜሮ። ሥራ ከለቀቀ ስድስት ዓመት ለሆነው ሰው የተጻፈ፤ ዜሮ። ያንኑ አንዱን ነገር ረስቶ ሦስት ጊዜ የጻፈው፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ምስሉን የሚያሳልፈው ደንብ የታለ? ወረደ። ወረደ። ጣቱ እስኪደክም ወረደ። ከሁሉ ታች፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ላይ አገኘው። የተቀጠረ ዕለት የጻፈው የመጀመሪያ ደንቡ ነው። "የሲቲ ስካን ምስል ወደ ስፔሻሊስቷ ይለፍ" ይላል፤ አጠገቡም እንደ ማስታወሻ ሁለት ቃል ነበረች፦ "ሰው ለማዳን"።

አያችሁ፣ ስጋቱን ሁሉ ከላይ ከላይ ሲደርብበት የተቀጠረበት ጉዳይ ከታች ቀረ። የጋሽ ይመኑ ጭንቅላት ምስል አራት መቶ ቁራጭ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ በር ላይ ቆሞ ስለማይመለከተው ነገር አንድ ሺህ ስድስት መቶ አሥራ አንድ ጥያቄ ይሰማል። በዚያ ላይ "የሚያልፈው ሁሉ እስከ ስፌቱ ተተርትሮ ይፈተሽ" የሚል ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ በሁለት የተለያየ የፍርሃት ቀን። ዕቃው አንዴ ተፈትሾ ሳይታሰር እንደገና ይፈታል።

ቢተው የታችኛውን ደንብ አንሥቶ ከላይ አስቀመጠው፤ ከዚህ ማሽን ወደዚያች ስፔሻሊስት ብቻ እንዲሆን አጠበበው። ከሁለቱ ፍተሻ አንዱን ሰረዘ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ሥረዛ ነው። "አጽድቅ" የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ጣቱ ቆመ። ያቺ ሳቅ ከኋላ ወንበር መጣች።

ማን ጻፈህ? ቢተው። ስለ ምን? ስለ ፈራ። ዛሬስ?

ዛሬ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆመዋል። ተጫነው።

ትርንጎ እንደገና ላከችው። አሥር አለ። አርባ አለ። ትርንጎ አፏን በእጇ ያዘች። ዘጠና። መቶ። አራት ደቂቃ አልሞላም። ስልኩ ጮኸ፤ ስፔሻሊስቷ ናት። "የግራው ነው የአሁኑ ደም፤ የቀኙ የቆየ ጠባሳ ነው። ግራውን ክፈቱ፣ አሁኑኑ!" ዶክተር ሐብቴ ይህን እንደሰሙ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ገቡ።

ቢተው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ፤ ተነሣ፤ ተቀመጠ። ቢቸግረው ወደ ውጭ ወጣ። በሩ ባዶ ነበር፤ ዘበኛ የለበትም። ሄዶ እሱ ቆመ። አንድ ባልና ሚስት ልጅ ታቅፈው ሲመጡ ምንም ሳይጠይቅ "ግቡ፣ ግቡ፣ በስተቀኝ ነው" አላቸው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ትርንጎ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠች መጣች። "ዓይናቸውን ገለጡ!" አለችው። ቢተው የበሩን ብረት ይዞ አለቀሰ፤ ሰው ያየው እንደሆን ግድም አልሰጠው።

ጳጉሜ አምስት ቀን ሊጠይቃቸው ገባ። ጭንቅላታቸው በፋሻ ተጠምጥሟል፤ ምላሳቸው ገና ከባድ ነው።

"ደብተሬ አላለቀችም" አሉት። "ዓመቱ ሊገባ ነው። ከዘበኛ ቤት አምጣና አንብብልኝ።"

አምጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ስም ይጠራል፤ እሳቸው ሦስቱን ይጠይቃሉ፤ አንዱ ይቆያል፣ ሌላው ይሰረዛል። የቀረውን ጨርሰው ሽማግሌው ሲያሸልባቸው፣ ቢተው እንዲያው ወደ ኋላ ገለጥ ገለጥ ያደርግ ጀመር። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሲደርስ እጁ ቀጥ አለ። በጋሽ ይመኑ ጠማማ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ "ቢተው፣ ባለ ኮምፒውተሩ። ጠዋትና ማታ ቦርሳው ይፈተሽ። የማሽን ክፍል ብቻውን እንዳይገባ።" ላዩ ላይ አንድ መስመር ተሰምሮበታል። ጎኑ ላይ "ጳጉሜ 4" ይላል።

ቀና ሲል ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው ያዩታል።

"እኔ ነበርኩ?" አለ ቢተው።

"አንተ ነበርክ።"

"ለምን... እንዴት ሰረዙኝ?"

ጋሽ ይመኑ ቃሉን ቀስ እያሉ አወጡት። "ማን ጻፈህ ብዬ ጠየቅኩ። የጻፈህ አስተዳዳሪ ተቀይሮ ሄዷል። ስለ ምን አልኩ። ቫይረስ አስገባ አሉኝ። ዛሬስ አልኩ። 'ዛሬማ ተመልሶ እንዳይመጣ እንቅልፍ አጥቶ የሚጠብቀን እሱ ነው' አሉኝ። እና ምን ላድርግህ? ሰረዝኩህ።"

ቢተው ስሙ ላይ የተሰመረችውን መስመር በጣቱ ዳሰሳት። ያ ሰነፍ ያላቸው ቀን፣ ለካ የማሩት ቀን ነው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ትርንጎን አጠገቡ አስቀምጦ ዝርዝሩን ከላይ ጀመረ። ሌሊቱን ሙሉ በየደንቡ ሦስቱን ይጠይቃሉ። አዲሱ ዓመት ሲገባ አንድ መቶ አርባ ደንብ ቀረ፤ ሁሉም መልስ ያለው ነው። ስፔሻሊስቷም አልተወቻቸውም።

ወዳጆቼ፣ ይህን ታሪክ የነገርኳችሁ አጥራችሁን እንድታፈርሱ አይደለም። ቢተውም በሩን አልከፈተም፤ ጋሽ ይመኑም በራቸውን ጥለው አልሄዱም። ነገር ግን በተጎዳንበት ቀን የጻፍነው ደንብ ጉዳቱ ሲሽር አብሮ አይሰረዝም፤ እኛ ካልሰረዝነው እዚያው ይቆማል፤ የመጣውን ሁሉ በሌላ ሰው ጥፋት ይመረምራል። "ከዚህ ወዲያ ሰው አላምንም" ያልንበት ቀን አለ። "እሱ ቤት እግሬን አላነሣም" ያልንበትም አለ። ያን ቃል ስንጽፍ ልክ ነበርን ይሆናል፤ ዛሬስ ብሎ የጠየቀን ግን የለም።

ጳጉሜ በየዓመቱ ይመጣል። እስኪ የየራሳችሁን ዝርዝር ገልጣችሁ እስከ ታች ውረዱ። መጀመሪያ የጻፋችኋት፣ "ሰው ለማዳን" ያላችኋት ደንብ ስንተኛ ላይ ናት? ደግሞስ ሳታውቁት እናንተን ከደብተሩ የሰረዘላችሁ ማን ይሆን?